ሊ ቴንግ-ሁይ የራሳቸውን ፓርቲ አገዛዝ እንዴት አፈረሱት?

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የታይዋኑ ፕሬዝዳንት ሊ ቴንግ-ሁይ በአንድ አምባገነን ፓርቲ ውስጥ ያደጉ፣ በአምባገነኑም እጅ ለምክትልነት የታጩ ሰው ሆነው ሳለ ያንኑ አገዛዝ ያለ ደም መፋሰስ ሊያፈርሱት የቻሉት እንዴት ነው? ከመጀመሪያው አስበውበት ነበር ወይስ ሁኔታው ገፋፋቸው? በ2000 ምርጫ ፓርቲያቸውን ሆን ብለው አስሸነፉት የሚባለውስ እውነት ነው?» በምላሼ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊ አስቀድመው የነደፉት እቅድ ነበራቸው ብዬ አላምንም። በ1988 ሥልጣን ሲረከቡ ጦሩም፣ የጸጥታ መሥሪያ ቤቶቹም፣ የፓርቲው አዛውንቶችም በእጃቸው አልነበሩም። የራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ኃይል ቢኖር ድምፅ የመስጠት ዕድል ያላገኘው የደሴቲቱ ሕዝብ ነበር። ስለዚህ ለእሳቸው ወንበር መጽናት የሚበጀው መንገድና ለሥርዓቱ መከፈት የሚበጀው መንገድ ለዐሥር ዓመታት ያህል አንድ ሆኖ ቆየ። ይህ መልስ «የዴሞክራሲ አባት» ለሚሏቸውም «ከሃዲ» ለሚሏቸውም የሚጥም አይደለም፤ ነገር ግን የፈጸሙትን ሥራና ያስከተሉትን ጉዳት በአንድነት የሚያስረዳ ሌላ መልስ አላገኘሁም።

ሊ የተወለዱት ጃንዋሪ 15 ቀን 1923 በሰሜን ታይዋን፣ በታምሱይ አቅራቢያ በምትገኘው የሳንጂ ገጠር ነው። ደሴቲቱ ከ1895 ጀምሮ የጃፓን ቅኝ ግዛት ስለነበረች አባታቸው በቅኝ ገዥው ፖሊስ ውስጥ ያገለግሉ ነበር፤ ልጁም የጃፓን ስም ይዘው፣ በጃፓንኛ ተምረው፣ በኪዮቶ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኢኮኖሚክስ ማጥናት ጀመሩ። በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ለጃፓን ጦር ሲመለመሉ ታላቅ ወንድማቸው ደግሞ በጃፓን ባሕር ኃይል ውስጥ እያገለገሉ በ1945 ማኒላ ላይ ሞቱ። ሊ በ1946 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ደሴቲቱ ባለቤት ቀይራ አገኟት፤ የቺያንግ ካይ-ሼክ ኩኦሚንታንግ ፓርቲ ተረክቧት ነበር። በማግስቱ ዓመት፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1947 የፈነዳው የሕዝብ ቁጣ በጦር ኃይል ተደፈጠጠ፤ በ1992 የወጣው የመንግሥት ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ18,000 እስከ 28,000 ገምቶታል። ወጣቱ ሊ በእነዚያ ዓመታት ለአጭር ጊዜ የኮሙኒስት ፓርቲ አባል እንደነበሩ በኋላ ራሳቸው አምነዋል። በ1949 ቺያንግ በዋናው ቻይና በኮሙኒስቶች ተሸንፈው መንግሥታቸውን ይዘው ወደ ታይዋን ሲሸሹ ወታደራዊ ሕግ ታወጀ፤ ያ ሕግ ለ38 ዓመታት ጸንቶ ቆየ። ከዋናው ምድር የመጡት ሰዎች መንግሥቱንና ጦሩን ያዙ፤ ተወላጁ ብዙኃን ግን በእርሻውና በንግዱ እንዲወሰን ተደረገ።

የሊን አካሄድ ለመረዳት ከፖለቲካው በፊት ሙያቸውን ማየት ያስፈልጋል፤ ስለ እሳቸው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ግን ይህን ቸኩሎ ያልፈዋል። ሊ እስከ 49 ዓመታቸው ድረስ የእርሻ ኢኮኖሚስት ነበሩ። በ1953 ከአሜሪካው አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ አግኝተው፣ ከ1957 ጀምሮ የገጠር መልሶ ግንባታ የጋራ ኮሚሽን በተባለው፣ በአሜሪካ ገንዘብና ባለሙያዎች በሚደገፈው መሥሪያ ቤት ሠሩ፤ በ1968 ደግሞ ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በዶክትሬት ተመረቁ። የመመረቂያ ጥናታቸው ከ1895 እስከ 1960 ድረስ በታይዋን ካፒታል ከእርሻ ወደ ኢንዱስትሪ እንዴት እንደፈሰሰ የሚመረምር ሲሆን፣ በዓመቱ የአሜሪካ የእርሻ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር ሽልማት አግኝቷል። ጥናቱ ለገዥው ፓርቲ ሁለት ስለት ያለው ነበር። በአንድ በኩል የታይዋን መንግሥት የመሬት ኪራይን በ1949 ከምርቱ 37.5 በመቶ እንዳያልፍ ገድቦ፣ በ1953 ደግሞ መሬት ለአራሹ አድርጎ ያካሄደው ለውጥ የገበሬውን ምርት እንዳሳደገ አይክድም። በሌላ በኩል የኢንዱስትሪው እድገት ወጪ በብዛት ከገበሬው ኪስ እንደተከፈለ በቁጥር ያሳያል። ዋናው መሣሪያ ማዳበሪያን በሩዝ የመለወጥ ሥርዓት ነበር፤ ማዳበሪያውን የሚያቀርበው መንግሥት ብቻ ስለነበር ገበሬው ሩዙን መንግሥት በተመነው ዋጋ ከማስረከብ በቀር ምርጫ አልነበረውም። ያ ሥርዓት በ1973 ቀረ። ሊ በ1972 የራሳቸው መሥሪያ ቤት የሌላቸው የካቢኔ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙትም የገጠሩ ነገር መንግሥቱን ማሳሰብ ስለጀመረ ነው።

ሹመቱ ግን ከአንድ አስፈሪ ምዕራፍ በኋላ የመጣ ነው። በ1969 ወታደራዊ ሕጉን የሚያስፈጽመው የጸጥታ እዝ ሊን ስለ ቀድሞ ግንኙነቶቻቸው ለቀናት መርምሯቸዋል፤ በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ ምርመራ በኋላ ወደ ወህኒ የወረዱ ብዙዎች ናቸው። እሳቸው ከምርመራው ነጻ ወጥተው በ1971 ኩኦሚንታንግን ተቀላቀሉ። የበሩን መዝጊያ የከፈቱላቸው የቺያንግ ካይ-ሼክ ልጅ ቺያንግ ቺንግ-ኩኦ ናቸው። ታይዋን በ1971 የተባበሩት መንግሥታት መቀመጫዋን ካጣች በኋላ ልጅየው ቺያንግ አገዛዙ በተወላጆች ዘንድ መሠረት ካልያዘ እንደማይቆም ተረድተው፣ የተማሩና ዝምተኛ የሆኑ ተወላጆችን ወደ ላይ መሳብ ጀመሩ። ሊ በ1978 የታይፔይ ከንቲባ፣ በ1981 የታይዋን ክፍለ ሀገር ገዥ፣ በ1984 ምክትል ፕሬዝዳንት ሆኑ።

ለምን እሳቸው? ተፎካካሪያቸው ሊን ያንግ-ካንግ ከእሳቸው ይልቅ ታዋቂና የራሱ ደጋፊ ያለው ተወላጅ ፖለቲከኛ ነበር፤ ለቺያንግ ዓይን ግን ይህ ብርታት ሳይሆን ስጋት ይመስላል። ሊ አንጃ አልነበራቸውም፤ በየስብሰባው በጥሞና ይሰማሉ፤ የሚናገሩትም ስለ መስኖና ስለ ሩዝ ዋጋ ነው። አንድያ ወንድ ልጃቸውም በ1982 በካንሰር ስለሞቱ ሥልጣን ለልጅ ያወርሳሉ የሚል ጥርጣሬ አልነበረም። ደካማ መስሎ መታየት በዚያ ቤት ውስጥ ትልቁ ሀብት እንደነበረ እኔ በበኩሌ አልጠራጠርም።

ጃንዋሪ 13 ቀን 1988 ቺያንግ ቺንግ-ኩኦ ሲያርፉ ሊ በዚያው ዕለት ቃለ መሐላ ፈጸሙ። የፕሬዝዳንትነቱን ወንበር ሕጉ ሰጣቸው፤ እውነተኛው ሥልጣን ግን በፓርቲው ሊቀመንበርነት ላይ ነበር። የቺያንግ ካይ-ሼክ ባለቤት ማዳም ቺያንግ የተጠባባቂ ሊቀመንበር ምርጫው እንዲዘገይ በደብዳቤ ጠየቁ፤ ብዙዎቹ የማዕከላዊ ኮሚቴ ታላላቆችም አመነቱ። ጃንዋሪ 27 በተደረገው ስብሰባ ላይ የፓርቲው ምክትል ዋና ጸሐፊ ጄምስ ሱንግ ተነሥቶ መዘግየቱን በብርቱ ተቃውሞ ከአዳራሹ ሲወጣ ሚዛኑ ለሊ አጋደለ። ሱንግ ራሱ ከዋናው ምድር የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነበር። ይህን ሰው ልብ ይበሉ፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

የሊ ዕጣ የተወሰነው ግን በ1990 መጀመሪያ ወራት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በዚያን ጊዜ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ብሔራዊ ሸንጎ ነበር። የሸንጎው አብዛኞቹ አባላት በ1947 በዋናው ቻይና የተመረጡ ሲሆኑ፣ አገሩ «እስኪመለስ» ድረስ ምርጫ አይደረግም በሚል ሰበብ ከአርባ ዓመት በላይ በወንበራቸው ላይ ቆይተዋል። ሕዝቡ «የዐሥር ሺህ ዓመት ሸንጎ» ሲል ያፌዝበት ነበር። በፌብሩዋሪ 1990 የፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ ዕጩውን ለመሰየም ሲሰበሰብ የሊ ተቃዋሚዎች ድምፁ በምስጢር ወረቀት እንዲሰጥ ጠየቁ፤ የሊ ወገን ደግሞ አባላቱ በግልጽ ተነሥተው እንዲቆሙ ፈለገ፤ ያሸነፈውም ይኸው ነው። «የዴሞክራሲ አባት» የተባሉት ሰው የመጀመሪያውን ትልቅ ድላቸውን ያገኙት ምስጢራዊ ድምፅን በመከልከል መሆኑ ለአድናቂዎቻቸው የማይመች እውነት ነው፤ እኔ ግን የሰውየውን ጠባይ ከዚህ ይበልጥ የሚያሳይ ክንውን አላውቅም።

ተቃዋሚዎቹ በዚህ አልተበገሩም። ሊን ያንግ-ካንግንና የቺያንግ ካይ-ሼክን የጉዲፈቻ ልጅ ጄኔራል ቺያንግ ዌይ-ኩኦን በዕጩነት አቅርበው፣ የፓርቲው አዛውንቶች ሽምግልና ከገቡ በኋላ ብቻ በማርች ወር ተስፋ ቆረጡ። አዛውንቶቹ የሸንጎ አባላት ይህን ግብግብ እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጥረው አበላቸውንና ሥልጣናቸውን ለማስፋት ሲሞክሩ የሕዝቡ ቁጣ ገነፈለ። ማርች 16 ቀን ጥቂት ተማሪዎች በታይፔይ በቺያንግ ካይ-ሼክ መታሰቢያ አደባባይ ተቀመጡ፤ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሆኑ። ምልክታቸው የዱር አበባ የሆነችው ሊሊ ነበረች፤ ጥያቄያቸውም አራት ነው፦ ሸንጎው ይፍረስ፣ ሕገ መንግሥቱን ያገዱት ጊዜያዊ ድንጋጌዎች ይሰረዙ፣ አገራዊ ጉባኤ ይጠራ፣ የለውጡ የጊዜ ሰሌዳ ይታወቅ። ቤጂንግ ላይ በቲያናንሜን አደባባይ ታንክ በተማሪዎች ላይ ከዘመተ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሊ ማርች 21 ቀን በዚያው አዛውንት ሸንጎ ከ668 ድምፅ 641 አግኝተው ተመረጡ፤ በዚያው ዕለት ምሽት የተማሪዎቹን ተወካዮች በፕሬዝዳንቱ ጽሕፈት ቤት ተቀብለው ጉባኤውን እንደሚጠሩ ቃል ገቡ። ስለ መንገዳቸው የጠየቁት መልሱ በዚህ አንድ ቀን ውስጥ አለ፤ ጠዋት ከአሮጌው ሥርዓት ሕጋዊነትን ተቀበሉ፣ ማታ ያንኑ ሥርዓት ለማፍረስ የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት ከአደባባዩ ወሰዱ። ተማሪዎቹ ሊን ይፈልጉ ነበር፤ ሊም ተማሪዎቹን ይፈልጉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ጩኸት ያልበዛበትና በሕግ ሰነዶች የተሞላ ነው። በጁን 1990 የሕገ መንግሥት ዳኞች በ261ኛው ትርጓሜያቸው አዛውንቶቹ አባላት እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 1991 ድረስ እንዲሰናበቱ ወሰኑ፤ ዳጎስ ያለ የስንብት ገንዘብም ተከፈላቸው። ተቃዋሚው ዴሞክራሲያዊ ተራማጅ ፓርቲ የተሳተፈበት አገራዊ ጉባኤ ተካሄደ። በሜይ 1991 «የአመጽ ማፈኛ ዘመን» አብቅቷል ተብሎ ጊዜያዊ ድንጋጌዎቹ ተሰረዙ፤ ይህም ማለት የታይፔይ መንግሥት የቤጂንግን መንግሥት አመጸኛ ብሎ መጥራቱን ተወ ማለት ነው። ሐሳብን በመግለጽ ብቻ ያሳስር የነበረው የወንጀል ሕጉ 100ኛ አንቀጽ በ1992 ተሻሻለ። በ1991 አዲስ ሸንጎ፣ በ1992 አዲስ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ በ1994 ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ገዥና የታላላቅ ከተሞች ከንቲባዎች በሕዝብ ተመረጡ። በ1995 ሊ ስለ 1947ቱ ጭፍጨፋ በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ወግ አጥባቂዎቹን ለማረጋጋት በ1990 የብሔራዊ ውሕደት ምክር ቤት ያቋቋሙት፣ በድብቅም ወደ ቤጂንግ ሰዎች መልእክተኛ የላኩት እኚሁ ሰው መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

የጦሩን ነገር በተመለከተ ያደረጉት ብልሃት በተለይ ይጠቀሳል። ጄኔራል ሃው ፔይ-ትሱን ስምንት ዓመት ያህል ኤታማዦር ሹም ስለነበሩ መኮንኖቹ በአመዛኙ የእሳቸው ሰዎች ነበሩ። ሊ በ1989 መከላከያ ሚኒስትር፣ በ1990 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው። ተማሪዎችና ተቃዋሚዎች «ወታደር ሊገዛን ነው» ብለው ሰልፍ ወጡ። ይሁን እንጂ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን ጄኔራሉ የጦር ማዕረጋቸውን መተው ነበረባቸው፤ ሹመቱም ወታደራዊ መሠረታቸውን ነጥሎ፣ በምርጫ ለተሞላ ምክር ቤት ተጠያቂ አደረጋቸው። በ1993 መጀመሪያ ላይ ሥልጣናቸውን ሲለቁ በምትካቸው ሊየን ቻን ተሾሙ።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። ሊ የከተማውን የፓርቲ ልሂቃን ለመቋቋም በየአውራጃው ባሉ የአካባቢ አንጃዎች ተደገፉ። አንጃዎቹ ድምፅ ያመጡላቸዋል፤ በምላሹም የግንባታ ውል፣ የብድር ማኅበራት ቁጥጥር፣ የመሬት ይዞታ ለውጥ ፈቃድ ያገኛሉ። ወሮበሎች በየአካባቢው ምክር ቤት ወንበር ያዙ፣ ድምፅ መሸጥና መግዛት ተስፋፋ፣ የፓርቲው የንግድ ድርጅቶችም ከምርጫው ጋር ተሳሰሩ። ታይዋናውያን ይህን «ጥቁር ወርቅ» ይሉታል፤ ጥቁሩ ወሮበላው፣ ወርቁ ገንዘቡ ነው። ይህ ብልሹነት ሳያውቁት የደረሰ አደጋ ነበር ለማለት አልደፍርም። ቀድሞ የጸጥታ መሥሪያ ቤቱ ይጠብቀው የነበረውን ፓርቲ በምርጫ ማሸነፍ ሲኖርባቸው የመረጡት አቋራጭ ነው። በኋላም በ2011 ሊ ራሳቸው ከአንድ ምስጢራዊ የመንግሥት ገንዘብ 7.79 ሚሊዮን ዶላር በማጉደል ተከሰው ነበር፤ ፍርድ ቤት በ2013 በነጻ አሰናበታቸው፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2014 ውሳኔውን አጸና።

ከቤጂንግ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ቀስ በቀስ ነው የሻከረው። በ1993 የሁለቱ ወገን ተወካዮች ሲንጋፖር ላይ ተገናኝተው ነበር። በ1994 ሊ ከአንድ ጃፓናዊ ጸሐፊ ጋር ባደረጉት ውይይት ታይዋናዊ ሆኖ መወለድን ከኀዘን ጋር አያይዘው፣ ከኦሪት ዘጸአት የሙሴን ታሪክ ጠቅሰው ሲናገሩ ቤጂንግ ትርጉሙን በሚገባ አነበበችው። በዚያው ዓመት ወደ መካከለኛው አሜሪካ ሲጓዙ አውሮፕላናቸው በአሜሪካዋ ሆኖሉሉ ላይ ሲያርፍ ለማደር ስላልተፈቀደላቸው፣ ሊ ከአውሮፕላኑ አልወርድም ብለው ቀሩ። ወሬው ዋሽንግተን ደርሶ የአሜሪካ ኮንግረስ ቪዛ እንዲሰጣቸው በታችኛው ምክር ቤት 396 ለ 0፣ በላይኛው 97 ለ 1 በሆነ ድምፅ ጠየቀ። በጁን 1995 ሊ የተማሩበት ኮርኔል ሄደው ንግግር አደረጉ። ቻይና በጁላይ ሚሳይል መተኮስ ጀመረች፤ በማርች 1996 ምርጫው ሲቃረብ ደግሞ በኪሉንግና በካኦሲዩንግ ወደቦች አቅራቢያ ወዳለው ባሕር ተኮሰች። አሜሪካ ኢንዲፔንደንስና ኒሚትዝ የተባሉትን የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦቿን ከነአጃቢዎቻቸው ወደ አካባቢው ላከች። ማርች 23 ቀን 1996 ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፕሬዝዳንቱን በቀጥታ ሲመርጥ ሊ 54 በመቶ አገኙ፤ ከስደት የተመለሱት የነጻነት አቀንቃኝ ፔንግ ሚንግ-ሚን 21 በመቶ ሲያገኙ፣ የቀድሞው ተፎካካሪ ሊን ያንግ-ካንግ በ15 በመቶ ተወሰኑ። ማስፈራሪያው ሊ ቴንግ-ሁይን ጎዳቸው የሚል አንድም ተመራማሪ አላጋጠመኝም።

በቀጥታ የተመረጠ ፕሬዝዳንት የራሱ መሠረት አለው፤ እስከዚያ ድረስ የተጣመሩት ሁለቱ መንገዶች ከዚህ በኋላ መለያየት የጀመሩ ይመስለኛል። በ1997ቱ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ፕሬዝዳንቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ያለ ምክር ቤቱ ይሁንታ እንዲሾሙ ተፈቀደ። በዚያው ማሻሻያ የታይዋን ክፍለ ሀገር አስተዳደር እንዲታጠፍ ተወሰነ፤ ምክንያቱ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር መደራረቡ ነው ተባለ። በዚያ ወንበር ላይ በ1994 በሰፊ ድምፅ ተመርጦ የተቀመጠው ገዥ ግን ያ ጄምስ ሱንግ ነበር፤ በ1988 የደገፋቸው ሰው የተከዳ መሰለው። በጁላይ 1999 ሊ ለአንድ የጀርመን ሬዲዮ ጣቢያ በሰጡት ቃለ ምልልስ የሁለቱን ወገኖች ግንኙነት «ልዩ የአገር ለአገር ግንኙነት» ብለው ሲገልጹት ከቤጂንግ ጋር የቀረው የንግግር መስመር ተቋረጠ።

በዚህ መንገድ ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ ደረስን። በ2000 ምርጫ ፓርቲው ሊየን ቻንን ዕጩ አደረገ፤ ሱንግ በግሉ ቀረበ፤ የኩኦሚንታንግ ደጋፊ ለሁለት ተከፈለ። የተቃዋሚው ዴሞክራሲያዊ ተራማጅ ፓርቲ ዕጩ ቼን ሹይ-ቢያን በ39.3 በመቶ ሲያሸንፍ ሱንግ 36.8፣ ሊየን 23.1 በመቶ አገኙ። የተቆጡ ደጋፊዎች የፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ከበው የሊን መውረድ ጠየቁ፤ ሊም በቀናት ውስጥ ሊቀመንበርነቱን ለቀቁ። ሆን ብለው ነው የሚለውን ክስ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም፤ ሊ ለሊየን በይፋ ቀስቅሰዋል፣ ወራሻቸው ይሆን ዘንድም ለዓመታት ኰትኩተውታል። የሽንፈቱ ሥር ያለው ከሦስት ዓመት በፊት ሱንግን በገፉበት ውሳኔ ላይ ነው፤ ያን ያደረጉት ደግሞ ሌላ ፓርቲ እንዲያሸንፍ ብለው ሳይሆን በራሳቸው ፓርቲ ውስጥ የሚስተካከላቸው እንዳይኖር ብለው ይመስለኛል። ክሱን እስከ ዛሬ ሕያው ያደረገው ከዚያ በኋላ የሠሩት ነው፦ በኦገስት 2001 የተመሠረተው፣ ከቼን ወገን የቆመው የታይዋን አንድነት ኅብረት እሳቸውን መንፈሳዊ መሪው አድርጎ ተቀበለ፤ ኩኦሚንታንግም በሴፕቴምበር 2001 ከአባልነት አባረራቸው። ሊ ጁላይ 30 ቀን 2020 በ97 ዓመታቸው እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ወደ ፓርቲው አልተመለሱም፤ ፓርቲውም አልጠራቸውም።